ሐሙስ የሚባል ቁጥር

በታርቱ ከተማ ወንዙ በረዶ ሆኖ፣
መንገዱ በዝምታ፣ በጨለማ ታፍኖ፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ መስኮት በርቷል፤
ኡርቬ ቁጭ ብላለች፣ ሻይዋ ቀዝቅዟል።

ኮምፒውተሯ ውስጥ ሰው ዘርታለች በቁጥር፤
ሃያ ሺህ ነጥቦች፣ ሙሉ የሕዝብ መንደር።
ስም የላቸውም፣ መልክም የላቸው፤
ዕድሜ ግን አላቸው፣
ስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚያፏጭ ሳንባ፣
አንዳንዴም ያለ ምክንያት የሚመጣ ዕንባ።
ሐኪሞችም አሉ፣ አረንጓዴ ነጥብ፣
የሚደክማቸው፣ የሚያሳሳቸው ገንዘብ፤
ጥቂት ቸርነት፣ ጥቂትም ስስት
ሰጥታቸዋለች እሷው፤ ከመቶ ሠላሳ ስድስት።

የጤና መድኑ ቢሮ የጠየቃት አንድ ነገር፦
ለሐኪም እንዴት ቢከፈል ነው
ሕዝብ የሚድን፣ ካዝናም የሚያድር?

«በመጣ ቁጥር ይከፈል» — የመጀመሪያው ሕግ።
ቁልፉን ተጫነች። ዓመታት ጀመሩ ሊረግፉ፣
አሥሩ በአንድ ደቂቃ፤ ነጥቦች በነጥብ ላይ ተጋፉ፤
ጉንፋን የያዘው አራቴ ተመላለሰ፣
ጤነኛው አልጋ ያዘ፣
ካዝናው እንደተነደለ ቅል ፈሰሰ።

ሰረዘችው። «እንግዲያው በነፍስ ወከፍ ይሁን፤
በሽተኛ መጣም ቀረም፣ ሐኪሙ ያግኝ ድርሻውን።»
ሰልፉ ጠፋ። ጸጥታ ሆነ። ካዝናው ጠገበ።
ደስ ሊላት ሲል ግን
ዓይኗ አንድ ነጥብ ቀለበ፤

ቁጥር አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባት።
ሰባ ሦስት ዓመቱ፣ ስኳር፣ የግራ እግሩ ቁስለት።
ሄደ፤ «ነገ» ተባለ።
ነገም ሄደ፤ «ነገ» ተባለ።
በሰባተኛው ወር ነጥቡ ግራጫ ሆነ።
ግራጫ ማለት፣ በእሷ ሠንጠረዥ፣ ሞት ማለት ነው፤
ለዓይን እንዳይከብድ ብላ
ቀለሙን የመረጠችውም እሷው ናት።

«ላዳነ ይሸለም» — ሦስተኛው ሕጓ ይህ ነበር።
ሐኪሙ በሽተኛ ይፈራ ጀመር፤
ወጣቱን፣ ሯጩን፣ ጥርሱ ያማረውን መረጠ፣
ያረጀውን ወደ ጎረቤት እየሸኘ አመለጠ።

በመጋቢት አጋማሽ፣ በረዶው ሲሰነጠቅ፣
ዶክተር ካልዩ ከሳሬማ ደሴት በጀልባ መጣ፤
የሱፍ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አኑሮ
ስክሪኑን እንደ ራጅ አየ፣ ረጅም ጊዜ።
«እኔ የቱ ነኝ?»
አንዱን አረንጓዴ ጠቆመችው።
«ስስቴ ስንት ነው?»
«ሠላሳ ስድስት።»
ሳቀ። «ክረምት ላይ ይጨምራል፣ ናፍጣ ሲወደድ።»

ከዚያ ሳቁን ተወው።
«ሳልሜ የምትባል ባልቴት አለች፤
ሐሙስ ሐሙስ ግፊቷን ልትለካ ትመጣለች።
ግፊቷ ከእኔ ይሻላል።
ባሏን ከቀበረች ወዲህ የሚያናግራት የለም፣
ያ ነው በሽታዋ።
እጅጌዋን እስክትሰበስብ፣ ስለ ድመቷ እስክታወራ፣
ሃያ አምስት ደቂቃ።
ይህን በየትኛው ሕግሽ ነው የምትከፍይኝ?»

ኡርቬ መልስ አልነበራትም፤ ዓምድ አልነበራትም።

በእኔ አገር ቋንቋ፣ እሷ በማታውቀው፣
«ለሐሙስ አንድ ቀን የቀረው» የሚባለው
መቃብሩን የሚያሸት፣ ያበቃለት ሰው ነው።
ሳልሜ ግን ረቡዕ ማታ ፀጉሯን ታበጥራለች።

እንግዳዋን ሸኝታ ተመለሰች፤
አዲስ ዓምድ ከፈተች፣ ስሙን «ሐሙስ» አለች፤
በነፍስ ወከፉ ላይ ጥቂት ጨመረችበት፣
ለሚቀመጥ ሐኪም፣ ለሚያዳምጥበት ሰዓት።
ሌሊቱን ሙሉ ማሽኑ አጓራ።
ሲነጋ መስመሩ አላማረም፤ ካዝናው ትንሽ ጎደለ።
አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባትም አልዳነ፤
ሁለት ዓመት ከአራት ወር ቆየ፣
እግሩን ሳይቆረጥ፣
ከዚያ ግራጫ ሆነ።

ታሊን ላይ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ፣
አንድ መነጽራም ሰው እስክሪብቶውን ቀሰረ፦
«ይህ ‹ሐሙስ› የሚለው ወጪ ምንድን ነው?»

ኡርቬ የቀን መቁጠሪያውን አየች።
ዕለቱ ረቡዕ ነበረ።